የዓመቱ ድካምና የአንድ ቀን ፍርድ



በስፖርት ወዳዶች ዘንድ ዘወትር የሚነሣና እስካሁን መቋጫ ያልተገኘለት አንድ ክርክር አለ። ይኸውም፣ ዓመቱን ሙሉ ከሁሉ በልጦ ሠርቶ በመጨረሻው ቀን የተሸነፈ ሰው ምን ተብሎ ሊጠራ ይገባዋል? አሸናፊ ነው ወይስ ተሸናፊ? የሚል ነው። አንዳንዶች «ፍጻሜው ያላማረ ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «የብዙ ወር ድካም በአንድ ምሽት መመዘኑ ግፍ ነው» ይላሉ። እኔ ግን ሁለቱም ወገኖች ከእውነቱ ግማሹን ብቻ የያዙ ስለ መሰለኝ፣ በዚህ አጭር ጽሑፍ የበኩሌን አስተያየት ለመግለጽ እሞክራለሁ። ነገሩ በተለይ ለእኛ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የጨዋታ ወሬ ብቻ እንዳልሆነ ወደ መጨረሻው ይታያል።

ለምሳሌ የመረጥሁት ቦስተን ብሩይንስ የተባለውን የአሜሪካ የበረዶ ሆኪ ቡድንና የ2022-23ን የውድድር ዘመኑን ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ የእኛ መሆናቸውን ካልገለጽሁ በስተቀር፣ ሁሉም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ምሳሌዬን ከእግር ኳስ ያልወሰድሁት፣ በእግር ኳስ ሁላችንም አስቀድመን ወገን ስለ ያዝን ነው። ዳኛ ዘመድ በሌለበት ነገር ላይ ቢፈርድ ይሻላልና።

የበረዶ ሆኪ ለብዙዎቻችን እንግዳ ስለሆነ በቅድሚያ ስለ ጨዋታው ጥቂት ልናገር። ከየወገኑ ስድስት ስድስት ሰዎች፣ አንደኛው በረኛ ሆኖ፣ ከሥሩ የብረት ስለት ያለበት ጫማ ተጫምተው በበረዶ ላይ ይንሸራተታሉ። ጫፉ በታጠፈ ረጅም ዱላም ፓክ የሚባለውን ጠፍጣፋ ክብ ጎማ ወደ ተቃራኒው ጎል ይመታሉ። ዱላውን ላየ ሰው የአገራችንን የገና ጨዋታ ያስታውሰዋል፤ የእኛው ሩር በመስክ ላይ ሲንከባለል የእነርሱ ፓክ በበረዶ ላይ ይንሸራተታል። አንድ ግጥሚያ በሦስት ተከፍሎ፣ እያንዳንዱ ክፍል 20 ደቂቃ ይፈጃል።

ብሔራዊ የሆኪ ሊግ በሚባለው የአሜሪካና የካናዳ ውድድር ውስጥ በዚያ ዓመት 32 ቡድኖች ነበሩ። እያንዳንዱ ቡድን ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል 82 ግጥሚያ ያደርግ ነበር። ያሸነፈ 2 ነጥብ፣ በተጨማሪ ሰዓት ወይም በመለያ ምት የተሸነፈ 1 ነጥብ ያገኛል፤ በመደበኛው ሰዓት የተሸነፈ ግን ምንም አያገኝም። በአገራችን ፕሪሚየር ሊግ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በዚህ ያልቅ ነበር፤ ብዙ ነጥብ የሰበሰበው ሻምፒዮን ይባላል። በሆኪ ግን 82ቱ ግጥሚያዎች በር መክፈቻ ብቻ ናቸው። 16 ቡድኖች ፕሌይኦፍ ወደሚባለው የጥሎ ማለፍ ዙር ይገባሉ። በዚያም ሁለት ቡድኖች እስከ ሰባት ጊዜ ይጋጠሙና፣ አስቀድሞ አራት ያሸነፈው ያልፋል፤ የሌላው ዓመት በዚያው ያበቃል። እንዲህ እያለ አራት ዙር ያሸነፈ ቡድን ከ1893 ጀምሮ ሲሰጥ የኖረውን የስታንሊ ዋንጫ ይወስዳል፤ የተጫዋቾቹም ስም በዋንጫው ላይ ይቀረጻል።

እንግዲህ ወደ ቦስተን እንሂድ። ብሩይንስ በ1924 የተመሠረተ ጥንታዊ ቡድን ነው። በ2022-23 የውድድር ዘመን አምበሉ ፓትሪስ በርዠሮን 37 ዓመት ሞልቶት ነበር። የሥራ ዕድሜውን በሙሉ በዚያው ቡድን ያሳለፈ፣ በ2011 ዋንጫውን ያነሣ፣ ከዚያ ወዲህ ግን ያላገኘው ሰው ነበር። አዲሱ አሠልጣኝ ጂም ሞንትጎመሪ ሥራውን ሲጀምር፣ ቡድኑ በገዛ ሜዳው ያደረጋቸውን የመጀመሪያዎቹን 14 ግጥሚያዎች በተከታታይ አሸነፈ። ዴቪድ ፓስትርናክ የተባለው አጥቂ በዚያ ዓመት 61 ጎል አገባ። በረኛው ሊነስ ኡልማርክ ጎሉን ከመጠበቁም በላይ፣ በፌብሩዋሪ 2023 በቫንኩቨር ከተማ ፓኩን ከራሱ በር ወርውሮ ባዶ በነበረው በተቃራኒው በር ውስጥ ከተተው፤ ይህም በበረኞች ዘንድ እጅግ አልፎ አልፎ የሚታይ ነገር ነው።

ዓመቱ ሲዘጋ ብሩይንስ 65 ጊዜ አሸንፎ፣ 12 ጊዜ በመደበኛ ሰዓት፣ 5 ጊዜ ደግሞ ከዚያ በኋላ ተሸንፎ ነበር። 65 በ2 ሲባዛ 130፣ አምስቱ ሲጨመር 135 ነጥብ ይሆናል። በሊጉ ታሪክ ይህን ያህል ያሸነፈም፣ ይህን ያህል ነጥብ የሰበሰበም ቡድን ከዚያ በፊት አልነበረም። የቀድሞው የድል ብዛት ክብረ ወሰን 62 ሲሆን፣ የነጥቡ ክብረ ወሰን ደግሞ የሞንትሪያል ቡድን በ1976-77 ያስመዘገበው 132 ነበር።

በመጀመሪያው የፕሌይኦፍ ዙር ለዚህ ኃያል ቡድን የደረሰው ተጋጣሚ ፍሎሪዳ ፓንተርስ የተባለው ቡድን ነበር። ፍሎሪዳ 92 ነጥብ ብቻ ይዞ፣ ከምሥራቁ ምድብ ካለፉት ስምንት ቡድኖች መጨረሻ ሆኖ፣ ከኋላው ካለው ቡድን በአንድ ነጥብ ብቻ በልጦ ነበር የገባው። በሁለቱ መካከል የ43 ነጥብ ልዩነት ነበር። አምበሉ በርዠሮን በሕመም ምክንያት የመጀመሪያዎቹን አራት ግጥሚያዎች ሳይሰለፍ ቢቀርም፣ ቦስተን ከአራቱ ሦስቱን አሸነፈ። አንዲት ድል ብቻ ቀረችው።

ያቺ አንዲት ድል ግን አልመጣችም። በአምስተኛው ግጥሚያ ፍሎሪዳ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 3 አሸነፈ። ስድስተኛውን 7 ለ 5 ደገመ። ሰባተኛውና የመጨረሻው ግጥሚያ ኤፕሪል 30 ቀን 2023 በቦስተን ተደረገ። ፍሎሪዳ 2 ለ 0 መራ፤ ቦስተን ሦስት ጎል አከታትሎ አግብቶ 3 ለ 2 ቀደመ። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ሲቀር ግን የፍሎሪዳው ብራንደን ሞንቱር አቻ አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ካርተር ቨርሄጊ የመታው ፓክ መረብ ውስጥ ገባ፤ በዚያውም የ135 ነጥቡ ቡድን ዓመት አለቀ። በርዠሮን በዚያው ክረምት ጨዋታ ማቆሙን አስታወቀ። ለብዙ ዓመታት አብሮት የተጫወተው ዴቪድ ክሬይቺም ከሊጉ ተሰናበተ።

«የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» እንደሚባለው፣ ከዚያ ምሽት በኋላ ብዙ ሰው ምሳሩን ይዞ ተነሣ። ከጥቂት ቀን በፊት በታሪክ ታላቁ ቡድን ሲባል የነበረው፣ በአንድ ሌሊት የውድቀት ምሳሌ ሆነ። 65 ጊዜ ማሸነፉ እንደ ክብር መቆጠሩ ቀርቶ፣ ኀፍረቱን የሚያከብድ ሸክም ተደረገበት። እኔ ትክክል አይደለም የምለው ይህንን ነው።

በቅድሚያ ግን ፕሌይኦፍን ግፍ ነው ለሚሉት መልስ ልስጥ። እንደ እኔ አስተሳሰብ ግፍ የለበትም። ደንቡ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለሁሉም የታወቀ ነበር። ቦስተንም ለዓመቱ ብልጫው ዋጋ አግኝቷል፤ ሰባተኛው ግጥሚያ በገዛ ሜዳው፣ በገዛ ወገኖቹ ፊት እንዲደረግ መብት ያገኘው በነጥቡ ነው። ከሰባት አራቱን እንዲያሸንፍ ነው የተጠየቀው፤ ሦስት ጊዜ ተከታታይ ዕድል አግኝቶ ሦስቱንም አልተጠቀመበትም። ፍሎሪዳም ዋንጫ አልሰረቀም። ጠንክሮ ተጫውቶ ያሸነፈን ቡድን «ዕድለኛ ነው» ብሎ ማለፍ ሌላ ዓይነት ግፍ ነው።

ይሁን እንጂ ሰባት ግጥሚያ ሁሉን እንደማያሳይ ራሱ ሒሳብ ይመሰክራል። በክፍል ውስጥ ስለ ዕድል ስሌት የተማርነውን እናስታውስ። አንድ ቡድን ከተጋጣሚው በልጦ በእያንዳንዱ ግጥሚያ የማሸነፍ ዕድሉ ከመቶ 60 ነው እንበል። ይህ ቡድን ከሰባት አስቀድሞ አራት የማሸነፍ ዕድሉ ከመቶ 71 ያህል ነው። ስለዚህ ደካማው ወገን ከአሥር ጊዜ ሦስት ጊዜ ያህል ያልፋል ማለት ነው። ሆኪ ደግሞ ጎል የማይበዛበት ጨዋታ ነው፤ አንድ ፓክ የዱላ ጫፍ ነክታ አቅጣጫዋን ብትለውጥ የዓመቱ ታሪክ ይለወጣል። በየዓመቱ ብዙ ነጥብ የሚሰበስበው ቡድን ከ1985-86 ጀምሮ የፕሬዚዳንቶች ዋንጫ የሚባል ሽልማት ይሰጠዋል። ነገር ግን ከ2013 በኋላ እስከ 2025 ድረስ ይህን ሽልማት አግኝቶ የስታንሊን ዋንጫ ደግሞ የጨመረ አንድም ቡድን የለም። ይህ ሁሉ ቡድን ሰነፍ ነበር ልንል ነውን?

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ እንዲህ ነው። የዓመቱ ውድድርና ፕሌይኦፉ ሁለት የተለያዩ ሚዛኖች ናቸው። የመጀመሪያው ጽናትን ይመዝናል፤ በብርድም በድካምም፣ ሰው በሚያጨበጭብበትም በማያይበትም ቀን፣ በየዕለቱ ሥራን መሥራትን ይመዝናል። ሁለተኛው ደግሞ በተቀጠረው ቀን፣ ልብ በሚመታበት ሰዓት፣ ያለውን አውጥቶ ማሳየትን ይመዝናል። ሁለቱም የሰው ችሎታዎች ናቸው፤ ሁለቱም ይፈለጋሉ። እህልን በቁና፣ ጨርቅን በክንድ መለካት ትክክል ነው። ስሕተቱ ጨርቁን በቁና ሰፍሮ «አልሞላም» ማለት ላይ ነው። ሊጉ ይህን ዐውቆ ሁለት ሽልማት አዘጋጅቷል። የቦስተን 65 ድል ዛሬም በመዝገብ ላይ አለ፤ ያን ምሽት የፈረደው ፓክ አልፋቀውም።

ቦስተን ስትነሣ እኛ ኢትዮጵያውያን ልናስታውሰው የሚገባን አንድ ታሪክ አለ። በ1960 በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን ያስደነቀው አበበ ቢቂላ፣ በ1963 ወደዚህችው ከተማ ሄዶ በቦስተን ማራቶን ተወዳደረ። ከማሞ ወልዴ ጋር ሆኖ ብዙውን መንገድ ከፊት ሲመራ ቆየ፤ በመጨረሻው ግን ተቀድሞ 5ኛ ወጣ። በዚያ ቀን ብቻ የመዘነው ሰው ቢኖር «አበበ አለቀለት» ባለ ነበር። አበበ ግን በሚከተለው ዓመት፣ በ1964፣ በቶኪዮ እንደገና አሸንፎ የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ዛሬ ከመካከላችን የቦስተኑን ቀን የሚያነሣበት አለን?

ያሸነፈው የፍሎሪዳ ታሪክም ከዚህ ጋር ይስማማል። ፍሎሪዳ ራሱ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ2021-22፣ ከሊጉ ሁሉ በልጦ 122 ነጥብ የሰበሰበ ቡድን ነበር። በፕሌይኦፉ ሁለተኛ ዙር ግን በታምፓ ቤይ ቡድን 4 ለ 0 ተባረረ። በዚያ ጊዜ «ነጥባችን ይበቃናል» ብሎ አልተቀመጠም፤ «እኛ ለምንም አንረባም» ብሎም አልተበተነም። የጎደለውን መረመረ፤ አሠልጣኝ ለወጠ፤ ታላላቅ ተጫዋቾቹን ሰጥቶ ማቲው ካቻክ የተባለውን ብርቱ አጥቂ አመጣ። በ2023 ቦስተንን ጥሎ እስከ ፍጻሜው ደርሶ በላስ ቬጋስ ቡድን ተሸነፈ። ይህም አልሰበረውም። በ2024ና በ2025 ሁለቱንም ጊዜ የኤድመንተንን ቡድን አሸንፎ የስታንሊን ዋንጫ በተከታታይ ወሰደ። ሽንፈትን ለሥራ የተጠቀመበት እንጂ እንደ ስም የለጠፈው ቡድን አልነበረም።

እርግጥ ነው፣ ለሁሉ ሁለተኛ ዕድል አይመጣም። ለበርዠሮን ሌላ ምሽት አልመጣለትም። ስለዚህ «ግድ የለም፣ ነገ ይሳካል» የሚለው ማጽናኛ ብቻውን አይበቃም። በርዠሮንን የምናከብረው ነገ ስለሚያሸንፍ ሳይሆን ትናንት በሚገባ ስለ ሠራ ነው። አክብሮታችን ገና በሚመጣው ድል ላይ ብቻ ከቆመ አክብሮት አይባልም፤ ብድር ነው።

አሁን በመግቢያው ላይ ወደ ጠቀስሁት ወደ እኛው ጉዳይ ልመለስ። እኛ ተማሪዎች ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል አራት ዓመት እንሠራለን። ከዚያም በጥቂት ቀናት ውስጥ የብሔራዊ ፈተናውን እንቀመጣለን፤ ወደ ዩኒቨርሲቲ መግባት አለመግባታችንን በዋነኛነት የሚወስነው ይኸው ፈተና ነው። በእኛ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ያን ጊዜ በየቤቱ የነበረውን ዝምታ ታላላቅ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ያስታውሱታል።

እኔ ፈተናው ይቅር አልልም። ፕሌይኦፍ ግፍ አይደለም ያልሁ ሰው ፈተናን ግፍ ነው ብል ቃሌ ይፈርሳል። የየትምህርት ቤቱ የማርክ አሰጣጥ እኩል ስላልሆነ፣ የሀብታሙንም የድኻውንም ልጅ፣ የከተማውንም የገጠሩንም ተማሪ በአንድ ጥያቄ የሚመዝን ሚዛን ያስፈልጋል። ዓመቱን በእንቅልፍ አሳልፎ በመጨረሻ «ድካሜ ይታሰብልኝ» የሚል ተማሪም ከዚህ ጽሑፍ መጠለያ አያገኝም። ቦስተን 65 ጊዜ አሸንፎ ነው የወደቀው፤ እኛ ለመከበር በቅድሚያ 65ቱን ማሸነፍ አለብን።

የምቃወመው ከፈተናው በኋላ የሚሰጠውን ፍርድ ነው። ውጤት በተነገረ ዕለት አንድ ልጅ በአራት ዓመት ያነበበው መጽሐፍ፣ ለጓደኛው ያስረዳው የሒሳብ ትምህርት፣ ከሥራ መልስ በመብራት ያጠናው ሌሊት ሁሉ እንዳልነበረ ይቆጠርበታል። ጎረቤት «ወደቀ» ይላል፤ ልጁም ይህን ስም ተቀብሎ ስሙ አድርጎት ይኖራል። ስንቱ ብርቱ ልጅ በዚህች አንዲት ቃል ምክንያት መጽሐፉን ዘግቶ ቀርቷል! ፈተናው የመዘነው ያቺን ሳምንት ነው፤ «ወደቀ» የምትለው ቃል ግን ሰውየውን በሙሉ ትመዝናለች።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። ለትምህርት ቤታችን አስተዳደርና ለመምህራኖቻችን፤ በየዓመቱ በፈተና ከፍተኛ ውጤት ያመጡት እንደሚመሰገኑ ሁሉ፣ አራቱን ዓመት ሳያቋርጡ በትጋት የሠሩትም ስማቸው በዚህ መጽሔት ላይ ቢወጣ፣ ሁለት ሚዛን ሁለት ሽልማት ይኖረው ነበር። ለወላጆቻችን፤ የውጤቱ ወረቀት በሚመጣበት ቀን የአራቱን ዓመት ካርድ ከጎኑ አስቀምጣችሁ ሁለቱን አብራችሁ ብታነቡልን፣ ልጃችሁን በእውነተኛ መልኩ ታዩታላችሁ። ለጓደኞቼ ደግሞ፤ ያለፈው ባለፈው አይኩራ፣ የቀረውም ራሱን አይጣል። ያለፈ ጓደኛችን «እኔ ከሁሉ እበልጣለሁ» ሳይል፣ ለቀረው ጓደኛው መጽሐፉን ያውሰው።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ሲመርቁን «የማታ እንጀራ ይስጣችሁ» ይሉናል። ምርቃቱ እውነት ነው፤ ፍጻሜ ያማረ እንዲሆን የማይመኝ ሰው የለም። ይሁን እንጂ በላብ የተገኘ የቀን እንጀራም እንጀራ ነው፤ የማታው ቢቀር እንኳ ቀን ያልበላን ሆነን አንቈጠርም።